ከመጠምጠም መማር ይቅደም!

ባለፈው ክረምት ነው። ደብረ ታቦር ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ እየገባ፣ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ተጠልለን ቁጭ ብለናል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው መሆኔን ሲሰማ ከብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ክላሰር አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ።

ከፈትኩት። ሰባት ሰርተፊኬት! ሁሉም ማኅተም ያረፈባቸው፣ ሁሉም በወርቃማ ሐረግ የተከበቡ። አንዱ የሥራ ፈጠራ ስልጠና ይላል፤ ሌላው የሕይወት ክህሎት፤ ሌላው የአመራር ጥበብ፤ ሌላው ደግሞ የአመለካከት ግንባታ። አብዛኞቹ የሁለትና የሦስት ቀን ናቸው። (አመለካከት በሁለት ቀን እንደሚገነባ የሰማሁት ያኔ ነው። የጭቃ ቤት እንኳ በሁለት ቀን አያልቅም!)

«ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ሥራማ የለኝም።»

«ከነዚህ ሁሉ በእጅህ የቀረው የቱ ነው?»

ሳቀና «አበሉ!» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «እሱም አልቋል» ሲል ጨመረበት።

በዚያው ሰዓት ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ባጃጅ ቆማ አልነሳ አለች። ከየት መጣ ሳይባል አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ የሚሆነው የማይመስል፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ልጅ ዝናቡን ከምንም ሳይቆጥር ሥሯ ገባ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አስነሳት። ሹፌሩ ከፈለው፣ ልጁ ሄደ። ሰርተፊኬት አለው እንዴ? ብዬ ጠየቅሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት «ኧረ የምን ሰርተፊኬት! አጎቱ ጋራዥ ሲላላክ የለመደው ነው» አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን! እኔ ከዚያች ሻይ ቤት ይዤ የወጣሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ሰባት ሰርተፊኬት ያለው ልጅ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል፤ አንድም የሌለው ልጅ እንጀራውን ይበላል። ለመሆኑ በዚህ አገር «ስልጠና» የምንለው ነገር ምን ሆነብን? አበውስ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እኮ ይህን አይተው ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ጥምጥሙን በነፃ እናድላለን፤ ትምህርቱን የትም ጥለነዋል።

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ለምንድነው?

ነገሩ የአንድ ልጅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሻዬን ጠጥቼ በሄድኩ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ አምጥተው ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ ከበሮ ቢመታም ከመቶ አሥር አልደረሰም። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ዘጠናው ያህል በዚያ በር አላለፉም ማለት ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሳው ውጊያ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ትምህርት ቤት የዘጋ ማንም ይሁን ማን፣ ደንብ ልብስ የለበሰም ሆነ ያልለበሰ፣ ታሪክ ይጠይቀዋል።

እነዚህ ልጆች የት ይሂዱ? የደቡብ ጎንደር ወጣት የሚያውቀው መንገድ የቆየ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ መተማና ሁመራ ለአጨዳ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ለቀን ሥራ፣ ከዚያም ካለፈ ሱዳንን አቋርጦ ባሕር። ዲግሪ የማይደርሰው ሰው ቢያንስ አንድ ሙያ በአጭር ጊዜ የሚማርበት፣ ፈተና ወደቅህ የማይባልበት፣ ዕድሜህ አለፈ የማይባልበት በር ያስፈልገዋል። ለዲግሪ የማይቆጠር፣ ለኑሮ ግን የሚቆጠር ትምህርት ማለቴ ነው። ብየዳ፣ ልብስ ስፌት፣ የሞባይል ጥገና፣ የንብ እርባታ፣ የሂሳብ አያያዝ፣ የኮምፒዩተር ሀሁ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ልጁ ባሕር ሲሻገር ይሰምጣል ወይስ አገሩ ላይ ይኖራል የሚል ጥያቄ ነው።

ጋፋት ላይ ዲፕሎማ አልታደለም

ደግሞ ይህን ነገር ደብረ ታቦርን የሚያስተምራት ሰው ሊኖር ባልተገባ ነበር! ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኘውን ጋፋትን የማያውቅ አለ? ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሚስዮናውያን ያሰፈሩት እዚያ ነው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት። ሰዎቹ ለስብከት እንጂ ለመድፍ አልመጡም። መድፍ ሠርተው አያውቁም። ንጉሡ ግን «ሥሩልኝ» አሏቸው። ሞከሩ፤ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። ሸክላው እሳቱን አልችል አለ፤ ምድጃው ፈረሰ፤ እንደገና ተሠራ። በመጨረሻ ብረቱ ቀለጠና ሴባስቶፖል የሚባለው ከስድስት ቶን በላይ የሚመዝነው ሞርታር ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. ጦሩ መንገድ እየጠረገ፣ ሰው እየጎተተው መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከአውሮፓውያኑ ጎን ሆነው ወናፍ የነፉት፣ ሸክላ የተኮሱት፣ ብረት ያቀለጡት የአገሬው ልጆች ነበሩ። ሙያውን የተማሩት እጃቸውን አስገብተው ነው። መምህሩም ተማሪውም አብረው ተሳሳቱ፤ አብረው አረሙ። ጋፋት ላይ ምረቃ አልነበረም፤ ፎቶ አልነበረም፤ አበል አልነበረም። የፈተናው ወረቀት መድፉ ራሱ ነው!

ቴዎድሮስ ስህተት አልነበረባቸውም አልልም። ሙያውን ለመድፍ ብቻ መፈለጋቸው፣ ሠራተኞቹንም በኋላ ማሰራቸው የታወቀ ነው። ጋፋት ከሳቸው ጋር ሞተች። ለምን ሞተች? አንደኛ፣ የንጉሡ እንጂ የሕዝቡ አልነበረችምና። ሁለተኛ፣ እኛ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ፋቂውን ምኑን ስንል የኖርን ሰዎች ነንና። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት እኮ ወደው አይደለም። ዛሬ «ቡዳ» ማለቱን ብንተው እንኳ «ቴክኒክና ሙያ የገባው ፈተና ወድቆ ነው» እያልን ያንኑ ስድብ ሱፍ አልብሰን እንናገረዋለን።

የአብነቱ ት/ቤት ምን ይላል?

ወደ ጋይንት እንዝለቅ። በድጓ ዝማሬ የሚታወቀው ቤተልሔም፣ በዝማሬና መዋሥዕት የሚታወቀው ዙር አባ በዚህ በደቡብ ጎንደር ምድር ናቸው። እዚያ ትምህርት እንዴት ነው? አገር አቋርጦ ኮቸሮ ለምኖ የሚማር አለ፤ ሃያ ዓመት የሚቆይ አለ። ግን ፊደልና ዳዊት ብቻ ተምሮ ወደ እርሻው የሚመለስም አለ። «ለምን አልጨረስክም?» ብሎ የሚከሰው የለም። የፈለገውን ያህል ወስዷል፤ በቃ። ማታ ማታ ዳዊቱን ይደግምበታል፤ የጎረቤቱን ደብዳቤ ያነብበታል።

ማዕረግ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ድጓውን ከየትኛውም መምህር ሥር ይማር፣ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከማን ተማርክ፣ ስንት ቀን ተቀመጥክ፣ ስንት ከፈልክ አይደለም ጥያቄው። ትችላለህ ወይስ አትችልም ነው! መማሩ አንድ ቦታ፣ ማስመስከሩ ሌላ ቦታ። አበው መማርንና ማዕረግን እንዲህ አድርገው ለይተው አስቀምጠውልን ሳለ እኛ አንድ ላይ ጨፍልቀን ሁለቱንም አበላሸናቸው።

ከአብነት ት/ቤቱ ወደ ማሳው ብንወርድም የምናገኘው ያንኑ ነው። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ግን የፎገራ ገበሬ የአያቱ እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በአምራች ማኅበራት ማሳ ላይ ሲያስተዋውቁት ገበሬው በጥርጣሬ ነው ያየው። ደርግ ወደቀ፤ ማኅበራቱ ፈረሱ። ሩዙ ግን አልፈረሰም። ገበሬው ከጎረቤቱ ማሳ ዳር ቆሞ አየ፤ ጠየቀ፤ ሞከረ። ውኃ እየተኛበት ያስቸግረው የነበረው ሜዳ ራሱ ሀብት ሆነ። ጂግና በምትባለው ቀበሌ ስም የተጠራው ኤክስ ጂግና የሚባለው ዘር ለዓመታት ያለ ተቀናቃኝ ነገሠ፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። ይህን ሁሉ ገበሬ በምን ሰርተፊኬት አሠለጠንነው? እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብም ወንድና ሴት ሳይለይ ሽመናውን እርስ በርስ እያስተማረ ነው ራሱን ያቆመው።

የቁጥር በሽታ

ይህ ከሆነ ዘንድ መንግሥታቱ ምን አደረጉ? እውነቱን እንናገር፤ ደርግ ክፉ ነበር፤ ነገር ግን በየአውራጃው የኅብረተሰብ ሙያ ማሠልጠኛዎች ከፍቶ ነበር። ገበሬው ጥቂት ወራት ገብቶ አናጢነት፣ ብረት ሥራ፣ ሽመና፣ ስፌት ለምዶ ወደ መንደሩ ይመለስ ዘንድ የታሰቡ ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች አገር አዳርሷል፤ በዓለም መድረክም ተሸልሟል። ጎልማሳው ማታ ማታ ኩራዝ አብርቶ «ሀ» ብሏል። ታዲያ ምን ጎደለው? ቁጥር በለጠበት! ስንት ሚሊዮን ማንበብ ቻለ የሚለው ሪፖርት ከማንበቡ በለጠ። ዘመቻው ሲያልቅ የሚነበብ መጽሐፍ በየመንደሩ አልነበረም፤ ስንቱ ፊደሉን መልሶ ረሳው። ማሠልጠኛዎቹም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባለቤት አጡ።

ኢሕአዴግ መጣ። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ይሠራ አለ። ሦስት ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ተመደበ። ሐሳቡ ማለፊያ ነበር። ገበሬው ለወራት በክፍል በክፍል የሚማረው አጭር ኮርስ ተነድፎ ነበር። ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማዳበሪያ አከፋፋይ፣ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ስብሰባ ጠሪ፣ ሲቸግርም የምርጫ ካድሬ ሆነ። ገበሬው ማሠልጠኛውን ያወቀው ለስብሰባ ነው። «ስልጠና አለ» ሲባል ዛሬ ገጠር ውስጥ ሰው የሚጠይቀው «ምን እንማራለን?» ብሎ አይደለም፤ «ደግሞ ምን ሊሉን ነው?» ብሎ ነው። ቃሉን ራሱን ገደሉት!

ብልጽግናስ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የሚባል ነገር ታወጀ። በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ በነፃ፣ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ፣ የፕሮግራሚንግና የዳታ ትምህርት ነው። ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ለድሃ ልጅ የሚሆን ነገር የለም። የደብረ ታቦር ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዓለም የሚማረውን ይማራል ማለት እኮ ነው።

ነገር ግን እንዴት ሆኖ? በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ኮደሮች ይምጡ ተብሎ ነጋሪት ሲጎሰም የክልሉ ወጣት የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ነበር። በአንድ እጅ መስመሩን ቆርጦ በሌላው እጅ «በመስመር ተማሩ» ማለት ምን ይባላል? ውኃውን ደፍቶ «ዋኙ» እንደ ማለት አይደለም ወይ? ደግሞስ ገና ሳይጀመር አምስት ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ለምን ቀደመ? ተማሪውን ሳያዩ የተመራቂውን ቁጥር የሚያውጅ ትምህርት ቤት የትም ዓለም የለም። ያ የመሠረተ ትምህርት ዘመን በሽታ ሱፍ ለብሶ፣ ላፕቶፕ ይዞ ተመለሰ!

«ወረቀት ከሌለህ ማን ይቀጥርሃል?»

ይህን ስል «አንተ ዝም ብለህ ነው፤ በዚህ አገር ወረቀት ካልያዝክ ማን በር ይከፍትልሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኔም ራሴ አንድ ወቅት ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ይልቅ ስለ ሥራው ወረቀት የያዘው ሲቀጠር ቆሜ አይቻለሁ።

ነገር ግን መልሱ ወረቀት ማብዛት አይደለም። መልሱ የቤተልሔም መልስ ነው፤ መማሩን መልቀቅ፣ ማስመስከሩን ማጥበቅ! ይህ ደግሞ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ራሱ የሚለው ነው። ሰው በመደበኛ ት/ቤት ይማር፣ ጋራዥ ውስጥ ይልመድ፣ ከአባቱ ይውረስ፣ ችሎታው ተመዝኖ ይታወቅለት ይላል። ሲ.ኦ.ሲ. የምንለው የብቃት ምዘና የመጣው ለዚህ ነው። ታዲያ ያ ባጃጅ ያስነሳው ልጅ ለምን አይመዘንም? ማን ነገረው? ክፍያውን ከየት ያምጣ? መንገዱ በተኩስ ሲዘጋስ በየት ይሂድ? ሕጉ በር ሠርቷል፤ ቁልፉን ግን ማን ኪስ ውስጥ እንደ ከተተው እግዜር ይወቀው።

ወረቀት ሳይሰጥ ሕዝብ የቀየረ ትምህርት አለ ወይ ለሚለኝ ዴንማርክን እጠራለሁ። ግሩንትቪግ በሚባል ቄስ ሐሳብ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ሮዲንግ በምትባል ቦታ የገበሬ ልጆች የሚማሩበት ት/ቤት ተከፈተ። ፈተና የለ፣ ማርክ የለ፣ ዲፕሎማ የለ። ገበሬው እርሻ በማይበዛበት ወር ገብቶ ይማራል፤ ይወያያል፤ ይመለሳል። ት/ቤቶቹ በዙ። ያ ያወቀ፣ የተከራከረ፣ እርስ በርሱ የተማመነ ገበሬ ነው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አቋቁሞ ቅቤውን ለዓለም የሸጠው። የፋርጣ ገበሬ ከዴንማርክ ገበሬ በምን ያንሳል? በላም እንዳትሉኝ! ያነሰው «ና፣ እወቅ፣ ሂድ» የሚለው በማጣቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምት ሲሆን ኮምፒዩተሩና ወርክሾፑ ለከተማው ልጅ፣ ለሥራ አጡ፣ ለነጋዴዋ፣ ጡረታ ለወጣው መምህር በሰፊው ቢከፈት ምን ይጎዳል? ሁለት ሰዓት በሳምንት፤ ለሁለት ወር። ሰርተፊኬት አይሰጥ! የመጣ ሰው ለማወቅ ነው የመጣው ማለት ይሆናል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹም እንዲሁ። የአርሶ አደር ማሠልጠኛዎቹም ከስብሰባ ነፃ ይውጡ፤ የተሻለ ድንች የሚያበቅለው ገበሬ ራሱ መምህር ሆኖ ይቁምባቸው።

መንግሥት ደግሞ ሦስት ነገር ይተው። ስልጠናን ለካድሬ ሥራ መጠቀሙን ይተው። የሠለጠነ ሰው ቁጥር መቁጠሩን ትቶ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሙያው እንደሚሠራ ይቁጠር። ኢንተርኔትን እንደ ጅራፍ መጠቀሙን ይተው፤ ተቆርጦ የሚቆየው መስመር የታጣቂ ብቻ አይደለም፣ የተማሪም ነው።

ለዚያ ሰባት ሰርተፊኬት ላለው ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልበለው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የሰጡህ ሰዎች ነው። ሆኖም አትጠብቃቸው። ያን ባጃጅ ያስነሳውን ልጅ ፈልገው። ዕድሜው ካንተ ቢያንስም አትፈር፤ «አሳየኝ» በለው። ክላሰርህን ከነፌስታሉ ግድግዳ ላይ ስቀለውና እጅህን ግራሶ አስነካው። የስምንተኛውን ሰርተፊኬት ጥሪ ደግሞ «ምን ልትሰጡኝ ነው?» ሳይሆን «ምን ልታሳዩኝ ነው?» ብለህ መልስለት።

ጋፋት ላይ ምድጃው ስንቴ ፈረሰ? ደግመው ሠሩት። ያኔ የቀለጠው ብረት ዛሬም መቅደላ ላይ ቁጭ ብሎ እየመሰከረ ነው። የኛ ሰርተፊኬቶች ግን የክረምት ዝናብ እስኪያገኛቸው ድረስ ብቻ ናቸው!